ከተቀበሩ በኋላ «ደህና ናቸው» የተባሉት አባት

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከምሥራቅ ጎጃም ነው። ረዘም ያለ ስለሆነ ጸሐፊዋን እንዳያሳውቅ አድርጌ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 28 ነው። በሶሻል ወርክ ተመርቄ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ባለ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ቤተሰብ የሌላቸው 22 ልጆች ግቢያችን ውስጥ ይኖራሉ። ጧሪ የሌላቸውን አዛውንቶች ደግሞ ቤታቸው ድረስ እየሄድን እንጎበኛለን። ከሦስት ወር በፊት አስተባባሪ ተደረግኩ። ከሥሬ 11 ሰዎች አሉ፣ አብዛኞቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። ባለፈው ሳምንት ፋይል ሳገላብጥ አንድ አባት በግንቦት ወር ሁለት ጊዜ ተጎብኝተው ‹ደህና ናቸው፣ መድኃኒታቸውንም ይወስዳሉ› ተብሎ ተፈርሞ አገኘሁ። እኚህ አባት ግን በሚያዝያ ተቀብረዋል። እናቴ ለቅሶ ደርሳለች። የፈረሙት ደግሞ ሥራውን ያስተማሩኝ፣ እንደ ታላቅ እህቴ የማያቸውና ‹እትዬ› የምላቸው ሴት ናቸው። 43 ቤት ይዘዋል፣ እያንዳንዱን በወር ሁለት ጊዜ ማየት አለባቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ግቢ ውስጥ ተረኛ ናቸው። የባጃጅ ይሰጣቸው የነበረው ገንዘብ ከጥር ጀምሮ ቆሟል። ለሥራ አስኪያጃችን ስነግራቸው ‹ዝም በይ፣ በሚቀጥለው ወር ከለጋሹ ጥራት የሚያዩ ሰዎች ይመጣሉ፣ የጎደለውን ፎርም ቀኑን ወደ ኋላ እያደረጋችሁ አሟሉ፣ ጥራት ማለት የተሟላ ፋይል ነው› አሉኝ። እትዬን ላጋልጣቸው? እንጀራቸውን ልዝጋ? ዝም ልበል? የሚበልጡኝን ሰዎችስ እንዴት ነው የምመራው? እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በጣም የሚያስቸኩለውን ላስቀድም። ፎርሞቹን ቀን እየመለሳችሁ አትሙሉ። አንዱንም። ያልሄዱበትን ቤት ሄጃለሁ ብሎ መፈረም ሐሰተኛ ሰነድ መፍጠር ነው፣ በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል፣ ነገ ጉዳዩ ቢነሳ የሚገኘው ፊርማ ደግሞ የአንቺ እንጂ «አሟሉ» ያሉሽ ሰው ፊርማ አይደለም። ግን ሕጉን ፈርተሽ ብቻ እንድትተዪው አልፈልግም። አንድ አባት ሞተው ድርጅታችሁ ከወር በላይ ካላወቀ፣ በሕይወት ያሉት ሌሎቹ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉም አያውቅም ማለት ነው። ባዶውን ፎርም ስትሞዪ የምትሸፍኚው ይህንን ነው።

ጡሩንባ ተነፍቷል። ድንኳን ተተክሏል። እድርተኛው ተሰብስቧል። ሰፈሩ በሙሉ ያወቀውን ሞት ሳታውቁ የቀራችሁት፣ እሳቸውን ለመከታተል የተቀጠራችሁት እናንተ ናችሁ። እንቅልፍ የነሳሽ ይህ ከሆነ ልብሽ ትክክል ነው።

እኔም ፈርሜ አውቃለሁ። ልንገርሽ። ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው፣ አስተባባሪ ሆኜ በምሠራበት ድርጅት ውስጥ ከማሳደጊያ ወጥቶ ደምበጫ አካባቢ ወዳለ አጎቱ የተመለሰ ልጅ ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ። በየወሩ ክትትል ይደረግለታል ተብሏል። ፎርሙም በየወሩ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል፦ «ልጁ ትምህርቱን እየተከታተለ ነው፣ ከቤተሰቡ ጋር ተላምዷል።» እኔም በየወሩ እፈርማለሁ። ሰባት ወር እንዲህ ሄደ። አንድ ቅዳሜ በሌላ ጉዳይ በዚያ ሳልፍ ገበያ ውስጥ አየሁት፣ ሁለት በግ በገመድ ይዞ ቆሟል፣ በባዶ እግሩ። እሱ ነው ቀድሞ ያወቀኝ። ስንተኛ ክፍል ደረስክ ስለው አንገቱን ደፋ። ትምህርት ቤት የሄደው አንድ ወር ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ከብት ጠባቂ ሆኗል።

ፎርሙን የምትሞላውን ባለሙያ ስጠይቃት አለቀሰች። የትራንስፖርት ገንዘብ ከተቋረጠባት ቆይቷል። አጎትየውን በስልክ ትጠይቃለች፣ እሱ ደህና ነው ይላታል፣ እሷ ደህና ነው ብላ ትጽፋለች፣ እኔ ደህና ነው ብዬ እፈርማለሁ። ከሦስታችን ልጁን ራሱን የጠየቀ የለም። በሰባት ወር ውስጥ አንድ ቀን «እንዴት አወቅሽ?» ብላት ኖሮ ያን ቀን ትነግረኝ ነበር፣ እርግጠኛ ነኝ፣ ምክንያቱም መዋሸቱ እሷንም ከብዷት ነበር። በመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ለእሷ ነው። እኔን የነካኝ የለም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ሁለቱም ነው፣ የልጁ ሰባት ወርም፣ እሷ ብቻዋን መቀጣቷም።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የሚሆን አይምሰልሽ። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 ቪክቶሪያ ክሊምቢ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ አደራ በተሰጣቸው ሰዎች እጅ ተሰቃይታ ሞተች። የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮዎች፣ ሆስፒታሎችና ፖሊስ ሁሉም ያውቋት ነበር፣ ሁሉም ዘንድ ፋይል ነበራት። ሎርድ ላሚንግ የመሩት ምርመራ በ2003 ሲወጣ ልጅቷን ለማዳን የሚቻልባቸው ቢያንስ 12 አጋጣሚዎች እንዳመለጡ አሳየ፣ 108 ምክረ ሐሳቦችንም አቀረበ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ምርመራው ትልቁን ጥፋት የጣለው ቤቷ ድረስ በሄዱት ጀማሪ ሠራተኞች ላይ ሳይሆን «ታች ምን እንደሚሠራ አላውቅም ነበር» ባሉት አለቆች ላይ ነው። አለማወቅ ለአለቃ ማምለጫ እንዳልሆነ በግልጽ ተነገራቸው። አንቺ አሁን አለቃ ነሽ። ሥራ አስኪያጅሽም።

እንግዲህ ወደ እትዬ እንምጣ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይላሉ፣ ከሥሩ እንየው። 43 ቤት በወር ሁለት ጊዜ 86 ጉብኝት ነው። በወር ውስጥ 22 የሥራ ቀን አለ ብንል፣ በሳምንት ሁለቱን ቀን ግቢ ውስጥ ተረኛ ከሆኑ የሚቀራቸው 13 ወይም 14 ቀን ነው። በቀን ከስድስት ቤት በላይ መሆኑ ነው። ያለ ባጃጅ። በእግር፣ ዳገትና ቁልቁለት፣ አሁን ደግሞ ክረምት ገብቶ ጭቃው ጉልበት ሲደርስ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአካባቢያችን መንገድ እንዴት እንደሚዘጋና አንዳንድ ቀን ከቤት መውጣትም እንዴት እንደሚያሰጋ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። እዚያ ቤት ገብቶ ቁስል አይቶ፣ መድኃኒት ቆጥሮ፣ እሳት አንድዶ ሻይ አፍልቶ ለመውጣት ደግሞ አንድ ሰዓት አይበቃም። ይህን ሥራ እኔም አልችለውም፣ አንቺም አትችይውም። እሳቸው ላይ የማይቻል ነገር ተጭኖ፣ ፎርሙ ግን ሞልቶ እንዲመጣ ነበር የሚጠበቀው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ፎርም ይዋሻል።

ጥፋት የለባቸውም እያልኩ አይደለም። አለባቸው። «አልደረስኩም» ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር። በሞተ ሰው ስም «መድኃኒት ይወስዳሉ» ብሎ መፈረም ከባድ ነገር ነው፣ እሳቸውም ያውቁታል። ግን አንቺ ስለ አንድ ሰው ውሸት ብቻ ሪፖርት አድርገሽ ብትወጪ፣ እሳቸው ይባረሩና 43ቱ ቤት ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ የሚቀጥለው ሰውም በሁለተኛው ወር እንደዚያው ይፈርማል። ስለዚህ ጽፈሽ ስታሳውቂ ሁለቱንም አብረሽ ጻፊ፦ ፎርሙ ትክክል እንዳልሆነ፣ ሥራውም በዚህ የሰው ኃይልና ያለ ትራንስፖርት ሊሠራ እንደማይችል፣ ከነቁጥሩ። አንዱን ከሌላው አትለዪው።

«ጥራት ማለት የተሟላ ፋይል ነው» ስላሉት ነገር ደግሞ ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንስተው። ፋይል አያስፈልግም የሚል ሰው አትስሚ። የልጁ ክትባት የተጻፈበት፣ የአዛውንቷ ስኳር የተለካበት ወረቀት ሕይወት ያተርፋል፣ አንዷ ሠራተኛ ስትወጣ ሌላዋ የምትቀጥለው ከዚያ ነው። ግን ፋይል የጥራት ጥላ እንጂ ጥራቱ አይደለም። አቬዲስ ዶናቤዲያን የሚባል ቤይሩት የተወለደ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1966 የሕክምናን ጥራት በምን እንለካ ብሎ ሲጽፍ ሦስት ነገር ለይቶ ነበር። ያለሽ ነገር፣ የምትሠሪው ነገር፣ ከዚያ በሰውየው ላይ የመጣው ነገር። አልጋው፣ ሠራተኛው፣ መድኃኒቱ አንድ ነው። መታጠቡ፣ መጎብኘቱ፣ መመገቡ ሁለት። ሦስተኛው፦ አባታችን ቁስላቸው ደረቀ ወይ? ልጁ ሌሊት መባነኑን ተወ ወይ? እዚህ አገር የሚመጡ ቼክሊስቶች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት የመጀመሪያውን ነው፣ ሲያልፍም ሁለተኛውን። ሦስተኛውን ለማወቅ የግድ ሰውየው ፊት መቀመጥ አለብሽ።

እዚያ ስትቀመጪም የእኛን ሰው ጠባይ አትርሺ። ጎጃሜ አዛውንት «እንዴት ነዎት?» ብትያቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ። ተርበው ቢሆን ይመስገን ነው፣ ታመው ቢሆን ይመስገን ነው። እንግዳ ፊት ማማረር ነውር ነው፣ በዚያ ላይ የሚረዳቸውን ሰው ማማት እጅ መንከስ ይመስላቸዋል። ስለዚህ «አገልግሎታችንን እንዴት አገኙት?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ምንም አያመጣም፣ መቶ ሰው ብትጠይቂ መቶው ደስተኛ ነው። ትንንሹን ጠይቂ። ትናንት ማታ ምን በሉ? ማን ሠራልዎት? መድኃኒትዎን ያሳዩኝ እስቲ፣ ስንት ፍሬ ቀረ? መጨረሻ ገላዎን የታጠቡት መቼ ነው? ከእኛ ቤት ማን መጣ፣ ከበዓሉ በፊት ነው በኋላ? ቀን ባያስታውሱ በዓል ያስታውሳሉ። ከዚያ ዝም ብለሽ ቤቱን እዪ፣ ምድጃው ቀዝቃዛ ነው ሙቅ፣ ጋቢው ንጹሕ ነው፣ ውኃው የት ነው የተቀመጠው፣ ከአልጋቸው ይደርሱበታል?

ልጆቹንም እንዲሁ። ሞግዚቷ አጠገብ ቆማ እያለች አትጠይቂያቸው። አብረሻቸው ተጫወቺ፣ ጸጉር ስሪ፣ የዚያን ጊዜ ያወሩልሻል። ሌሊት ማን እንደሚነሳላቸው፣ አልጋ ላይ የሸና ልጅ ምን እንደሚደረግ ጠይቂ። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ላይ ልጆች በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም ውስጥ አካልን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ ይላል፣ ይህንን ሞግዚቶቹ በሙሉ ማወቃቸውን አረጋግጪ። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም እንዲሁ፣ አንቀጽ 3 ስለ ተንከባካቢዎች ብዛት፣ ብቃትና ብቁ ክትትል ያነሳል፣ አንቀጽ 25 ደግሞ በእንክብካቤ ሥር ያለ ልጅ ሁኔታው በየጊዜው እንደገና መታየት እንዳለበት። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የአማራጭ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያም ልጅ ተቋም ውስጥ መኖር ያለበት ለእሱ በእርግጥ ተገቢና አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ 22ቱ ልጆች ላይ በየጊዜው የምትጠይቂው ጥያቄ «በልተዋል?» ብቻ ሳይሆን «ይህ ልጅ ዛሬም እዚህ መሆን አለበት?» የሚል ጭምር ነው። አንድ ቀን ደግሞ ሳትናገሪ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ልጆቹ ግቢ ሂጂ፣ እሑድም ሂጂ። ቀን በሥራ ሰዓት ሁሉም ቤት ጥሩ ነው።

አሁን በተግባር ምን ታደርጊያለሽ? ካሉሽ ፋይሎች ላይ በየወሩ አሥር ስም በዕጣ አውጪ። በወረቀት ጠቅልለሽ፣ ሠራተኞቹ ባሉበት። ከዚያ ራስሽ አሥሩንም ቤት ሂጂ፣ ከላይ ያልኩሽን ጠይቂ፣ ተመልሰሽ ከፎርሙ ጋር አስተያዪው። የእትዬን ብቻ እንዳታደርጊው፣ የሁሉንም ነው። ዕጣ የሆነበት ምክንያት ማንም «እኔን ለይታ ነው» እንዳይል ነው። የመጀመሪያው ወር ላይ የማይመሳሰል ብታገኚ ቅጣት እንደማይኖር አስቀድመሽ ተናገሪ፣ ግን ያን ጊዜ ሁሉም እውነቱን እንዲያስተካክል ጠይቂ። ከዚያ በኋላ ላለው ግን ደንቡ ይሠራል በይ። ይህ ብቻውን፣ ምንም የውጭ አማካሪ ሳይቀጠር፣ ፋይልና ቤት እንዲገናኙ ያደርጋል።

ቤቶቹን ደግሞ እንደገና ደልድያቸው። ሁሉም ቤት በወር ሁለት ጊዜ መሆን የለበትም። አልጋ ላይ የቀሩና ጎረቤት የሌላቸው በየሳምንቱ መታየት አለባቸው። ልጅ ወይም ደግ ጎረቤት ያለው ቤት በወር አንድ ጊዜ ሊበቃው ይችላል። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ለጋሹ ሊከፋው ይችላል፣ ይክፋው፣ ሃያ እውነተኛ ጉብኝት ከ86 የወረቀት ጉብኝት ይሻላል። የእድር ሰብሳቢዎችንም አነጋግሪ። አዛውንት ሲታመም ወይም ሲያርፍ ቢሮው በዚያው ቀን እንዲሰማ ስልክ ቁጥር ስጫቸው፣ ደስ ብሏቸው ነው የሚያደርጉት። ይህንን ቀድማችሁ አድርጋችሁት ቢሆን የሚያዝያውን ሞት በዚያው ቀን ትሰሙት ነበር፣ ለቀብሩም ትደርሱ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሱፐርቪዥን ነው። ቃሉን ስትሰሚ ልብሽ ድንግጥ አይበል። እኛ አገር «ሱፐርቪዥን መጣ» ሲባል ከዞን ወይም ከዋናው መሥሪያ ቤት መኪና መጣ ማለት ነው። ቼክሊስት ተይዞ፣ መዝገብ ተገልጦ፣ ግብረ መልስ ተሰጥቶ፣ ከሰዓት በኋላ ይሄዳሉ። ግምገማ ደግሞ ከዚያ የባሰ ትዝታ አለው፣ ሰው ሰብስቦ አንዱን መሐል ላይ አቁሞ ድክመትህን ተናገር ማለት። ይህን ያየ ሠራተኛ ችግሩን ለአለቃው ይነግራል ብለሽ ታስቢያለሽ? ይደብቃል እንጂ። በሙያችን ሱፐርቪዥን የሚባለው ሌላ ነው። አልፍሬድ ካዱሺን የሚባሉ የማኅበራዊ ሥራ ምሁር ሦስት ሥራ እንዳለው ጽፈዋል፦ ሥራው በሥርዓቱ መሠራቱን መከታተል፣ ማስተማር፣ ሠራተኛውን መደገፍ። እኛ ጋ ያለው የመጀመሪያው ብቻ ነው፣ እሱም በዓመት አንዴ።

የእኛን አገር ነገር ከፈለግሽ ግን ካዱሺን ድረስ መሄድም አያስፈልግሽም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፣ ዋሸራ፣ ዲማ። የቅኔ ተማሪ ሲያወጣ ሲያወርድ የዋለውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፣ ጀማሪ ከሆነ ቅኔውን በሚሰማለት አስነጋሪ ፊት። ነገራ ይባላል። የቆጠረውን፣ ማለት ያዘጋጀውን ቅኔ፣ ይናገራል፣ መምህሩ እስከ መጨረሻው ይሰሙታል፣ የተሰበረውን ያቃኑለታል፣ ጥሩ የመጣለትን ያደንቁለታል። ማንም ተማሪ ተበላሸብኝ ብሎ አይደብቅም፣ የሚሄደው ሊታረም ነው። እርማቱም ቅኔው በበዓል ቀን በሕዝብ ፊት ከመባሉ በፊት ነው። እኔ ሱፐርቪዥን ምን እንደሆነ በትክክል የገባኝ አንድ ቄስ ይህንን ሲያስረዱኝ ነው። ባለሙያ ኬዙን ይዛ ትመጣለች፣ «እዚህ ቤት ግራ ገባኝ» ትላለች፣ ትሰሚያታለሽ፣ አብራችሁ ታቃኑታላችሁ፣ አዛውንቱ ሳይጎዱ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በሁለት ሳምንት አንድ ሰዓት ስጪ። ቀኑ የታወቀ ይሁን፣ ስብሰባ መጣ ተብሎ አይሰረዝ። በር ዝጊ፣ ስልክ አጥፊ። ሥራውን ጠይቂ፣ ከዚያ የከበደውን ጠይቂ፣ ከዚያ ሰውየዋን ራሷን ጠይቂ። የሚሞቱ ሰዎችን በየሳምንቱ የሚያይ ሰው ልቡ ይደክማል። እትዬ ያን አባት ስንት ዓመት ነው የጎበኟቸው? ቤታቸው ሄደው በሩ ተዘግቶ ቢያገኙትና ነገሩን ለመጻፍ እጃቸው እምቢ ቢላቸውስ? አላውቅም፣ እንዲህ ነበር ማለቴም አይደለም። ግን የጠየቃቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

በነገራችን ላይ እሳቸውንም ማንም ሱፐርቫይዝ አድርጓቸው አያውቅ ይሆናል። የሶሻል ወርክ ትምህርት አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1959 ቢጀመርም ከአብዮቱ በኋላ ተቋርጦ እንደገና የተከፈተው በ2004 ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ። ባሕር ዳርንና ጎንደርን የመሳሰሉት ዩኒቨርሲቲዎች ማስተማር የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሥራውን ያቆዩት ያለ ዲግሪ በልባቸው የሠሩ እንደ እትዬ ያሉ ሴቶች ናቸው። ያልተሰጣቸውን ነገር ለመስጠት የመጀመሪያዋ ሰው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ።

የሚበልጡሽን ስለመምራት የጠየቅሽው ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን የምታስቢውን ያህል አይደለም። እድር ላይ አይተሽ የለ? ጸሐፊው የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል፣ አባቱ የሚሆኑ ሰው ከቀብር ቀርተው ቢገኙ ስማቸውን አንስቶ ቅጣት ይጽፋል፣ ማንም ናቀኝ አይልም። ለምን? ደንቡ ቀድሞ ለሁሉም ተነቧል፣ እሱም ቢቀር ይቀጣል። አንቺም ደንቡን ጽፈሽ፣ አብረው ተወያይተውበት፣ ተስማምተው ይፈርሙበት። ከዚያ ስትናገሪ የምትናገሪው በደንቡ እንጂ በዕድሜሽ አይሆንም። አክብሮትሽን አትቀንሺ፣ አንቱታውን አታንሺ፣ ቡና ሲፈላ ቀድሞ ይቅረብላቸው። የማታውቂውን ጠይቂያቸው፣ ብዙ ያውቃሉ። ግን አክብሮት ማለት ዝምታ አይደለም፣ ይህንን ለይተሽ ያዢ።

ሥራ አስኪያጅሽን በቃል ብቻ አታናግሪ። አንድ ገጽ ጻፊ። «በዚህ ቀን ይህን ፎርም አገኘሁ፣ ከእውነታው ጋር አይገናኝም፣ የጉብኝቱ ጫና ይህን ያህል ነው፣ ከዚህ ወር ጀምሮ ይህን ይህን እያደረግን ነው፣ ያልተሞሉትን ፎርሞች ‹ጉብኝት አልተደረገም› ብለን እንተዋቸዋለን፣ ለሚመጡት ሰዎችም ይህንኑ እናሳያለን።» ቅጂውን አስቀምጪ። አይቆጡም አልልሽም፣ ሊቆጡ ይችላሉ። ግን ብዙ ቦታ ላይ ከገምጋሚዎቹ ጎን ተቀምጬ አውቃለሁ፣ ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ ያለ አንድ ስሕተት የተሞላ ፋይል ሲቀርብ ወዲያው ነው የሚጠረጠረው። «እዚህ ላይ ወድቀናል፣ ያወቅነው በዚህ መንገድ ነው፣ ያስተካከልነው በዚህ ነው» የሚል ድርጅት ግን ይታመናል፣ የባጃጁን በጀት እንዲመልሱ ለመጠየቅም ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። አሁንም ፎርም ሙሉ ብለው ቢያስገድዱሽ ቦርድ አላችሁ፣ ለቦርዱ ጻፊ። ከዚያ በላይ ደግሞ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አለ። ሥራሽን ልታጪ ትችያለሽ ብዬ እሰጋለሁ፣ ይህንን ደብቄ አልመክርሽም። ከቤተሰብሽ ጋር ተማከሪ፣ የሥራ ልምድ ወረቀትሽንም አዘጋጅተሽ ያዢ።

ግን ይህንን ሁሉ ከማድረግሽ በፊት እትዬን አናግሪ። ለሥራ አስኪያጁ የምትጽፊውን እሳቸው ከሌላ ሰው አፍ መስማት የለባቸውም። ቢሮ አትጥሪያቸው፣ ሰው ፊትም አታንሺው። ከሥራ በኋላ ቤታቸው ሂጂ፣ ቡና ያፈላሉ፣ ይፈላ። ፎርሙን አውጥተሽ አታሳዪ። «እትዬ፣ እኚያ አባት በሚያዝያ ማረፋቸውን ሰማሁ፣ እርስዎ መቼ ሰሙ?» በዪና ዝም በዪ። የሚሉትን እስከ መጨረሻው ስሚ፣ ቢያለቅሱም አታቋርጫቸው። ከዚያ ልትጽፊ እንደሆነ ንገሪያቸው፣ ስለ 43ቱ ቤትና ስለ ባጃጁም እንደምትጽፊ ንገሪያቸው፣ ከፈለጉም የራሳቸውን ገጽ ከአንቺ ጋር እንዲያያይዙ።

ከዚያ የሚቀጥለው ማክሰኞ ላይ ቀጠሮ ያዙ። የሚከብዳቸውን ቤት እሳቸው ይምረጡ፣ በጠዋት ሁለታችሁ አብራችሁ ሂዱ። ቦት ጫማ አድርጊ፣ መንገዱ በዚህ ወር ጭቃ ነው። ስለ እኚያ አባት ደግሞ ጎረቤቶቻቸውን ጠይቃችሁ በመጨረሻው ሳምንት ማን እንዳስታመማቸው እወቁ፣ ፋይላቸውንም በእውነተኛው ቀን ዝጉላቸው።